አለን ብሉምላይን

አለን ዳወር ብሉምላይን (እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1903 – ጁን 7 ቀን 1942) እንግሊዛዊ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በስቴሪዮ ድምፅ ፈጠራው ነው። በ38 ዓመቱ ሲሞት በስሙ 128 የፈጠራ መብቶች ነበሩት።

የተወለደው ለንደን፣ ሃምፕስቴድ ውስጥ ነው። አባቱ የጀርመን ተወላጅ የማዕድን መሐንዲስ፣ እናቱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የኖረ ሚስዮናዊ ልጅ ነበረች። በ1929 ኮሎምቢያ ግራፎፎን በተባለ የሸክላ ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው ለሚጠቀምበት የሸክላ መቅረጫ መሣሪያ ለአሜሪካኖች የባለመብትነት ክፍያ ይከፍል ስለነበር፣ ብሉምላይን ይህን ዕዳ የሚያስቀር ሌላ መሣሪያ ሠራ። በ1931 ኩባንያው ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ኢኤምአይ ተባለ።

የስቴሪዮ ፈጠራ

ሐሳቡ የመጣለት ሲኒማ ቤት እንደሆነ ይነገራል፤ ተዋናዩ በመጋረጃው ዳር ሲሄድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ ብቻ ይሰማ ነበር። ዲሴምበር 14 ቀን 1931 ያስገባው ማመልከቻ (ቁጥር 394325) 70 የመብት ጥያቄዎችን ይዟል። የሁለት ማይክሮፎኖችን አቀማመጥ፣ በአንድ የሸክላ ቦይ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ሁለት ድምፅ መቅረጽን፣ የፊልም ድምፅንም ያካትታል። በ1935 ከሠራቸው የሙከራ ፊልሞች አንዱ በሄይስ ጣቢያ የሚያልፉ ባቡሮችን ያሳያል።

በማመልከቻው ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ነገር የግራና የቀኝ ድምፅን ወደ ድምርና ልዩነት መቀየር፣ ከዚያም መልሶ መለየት ነው። ብሉምላይን ይህን የተጠቀመበት የድምፁን ስፋት ለመቆጣጠር ነበር። ዛሬ ግን ቦታ ለመቆጠብ ይሠራል። በአንድ ቅጽበት ግራው 1000፣ ቀኙ 998 ቢሆን፣ አማካዩን 999 እና ልዩነቱን 2 ማስቀመጥ ይበቃል። ትንሽ ቁጥር ጥቂት ቢት ይወስዳል፤ ሲመለስም 1000 እና 998 ሳይዛነፉ ይገኛሉ።

ድምፅን ምንም ሳይቀንስ የሚያምቀው ፍላክ ይህን ዘዴ ለሁለት ቻናል ይጠቀማል። የ5.1 የፊልም ድምፅን ስድስት ቻናሎች ግን እያንዳንዳቸውን ለብቻ ያምቃል። ዶልቢ ትሩኤችዲ በቻናሎቹ መካከል ያለውን ተመሳሳይነትም ይጠቀማል። ያልታመቀ የፊልም ድምፅ በዚህ መንገድ ሲቀየር ጥራቱ ሳይነካ ፋይሉ ያንሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ አስቀድሞ ጥራቱ ተቀንሶ የታመቀውን ዶልቢ ዲጂታል ወደ ፍላክ ሲቀይሩ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ ፋይሉም ይብስ ያድጋል።

ቴሌቪዥን፣ ራዳርና ሞት

ኢኤምአይ ስቴሪዮን ወደ ገበያ አላወጣውም። ብሉምላይን ወደ ቴሌቪዥን ዞሮ፣ ቢቢሲ በ1936 ከአሌክሳንድራ ፓላስ ሥርጭት በጀመረበት ባለ405 መስመር ሥርዓት ላይ ሠራ። የስቴሪዮ ሸክላዎች ለሕዝብ በስፋት መሸጥ የጀመሩት በ1958፣ የፈጠራ መብቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ኤች ቱ ኤስ በተባለው የአውሮፕላን ራዳር ላይ ይሠራ ነበር። ራዳሩን ለመፈተን የተነሳው ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ አንዱ ሞተር በእሳት ተያያዘና ዌልሽ ቢክኖር አጠገብ ተከሰከሰ፤ ብሉምላይንና ሁለት የኢኤምአይ ባልደረቦቹን ጨምሮ የተሳፈሩት 11 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ምርመራው የእሳቱን መንስኤ በሞተሩ ውስጥ በትክክል ካልጠበቀ አንድ ብሎን ጋር አያይዞታል። ራዳሩ ምስጢር ስለነበረ አሟሟቱ ያኔ ለሕዝብ አልተነገረም።

በ2017 የቴክኒካል ግራሚ ሽልማት ተሰጠው።