ሉዊ ፓስተርና የእብድ ውሻ በሽታ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የሚኖር ልጅ ሁሉ ውሻን ያውቃል። አንዱ ውሻ የጌታውን ግቢ ይጠብቃል፤ ሌላው ጌታ የሌለው ሆኖ በቄራና በገበያ ዳር ሲለቃቅም ይውላል። ከእነዚህ አንዱ ያበደ እንደ ሆነ፣ በለሐጩ ያለው የበሽታ መርዝ በንክሻ ወደ ሰው ይገባል። የተነከሰ ሰው የሚድንበትን መንገድ ያገኘው ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ነው።

ፓስተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. ዶል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ አስቀድሞ የናፖሊዮን ወታደር ነበረ፤ በኋላም ቆዳ እየፋቀ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ነበር። ይህን ሥራ በአገራችን የናቁት ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን ዛሬ ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች፣ ከቆዳ ፋቂም ቤት እንዲህ ያለ ሊቅ ወጥቷል።

ልጁ 8 ዓመት ሲሆነው አርቡዋ በምትባል በሚኖርባት ከተማ አካባቢ አንድ ያበደ ተኩላ ሰዎችን ነከሰ። የተነከሱትም ወደ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወስደው ቁስላቸው በጋለ ብረት ተተኮሰ። ያን ጊዜ ሌላ መድኃኒት አልነበረምና፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ሞቱ። ፓስተር ይህን ነገር እስኪሸመግል ድረስ አልረሳውም።

ካደገ በኋላ በፓሪስ ኬሚስትሪ ተማረ። ወይን የሚፈላው፣ ወተትም የሚበላሸው ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን እንደ ሆነ አስረዳ። በዚህ መካከል ሦስት ሴቶች ልጆቹ በሕፃንነታቸው ሞቱበት። በ1868 ደግሞ ግራ ጐኑ ሽባ ሆነ፤ እርሱ ግን እያነከሰ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1881 አባ ሰንጋ ለሚባለው የከብት በሽታ ክትባት አዘጋጅቶ በብዙ ሰው ፊት በበጎች ላይ ፈተነው፤ የተከተቡት ዳኑ፣ ያልተከተቡት ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የእብድ ውሻን በሽታ ለመመርመር ተነሣ። የበሽታው ምክንያት ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው፤ እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ ፓስተር በማጉያ መነጽር ሊያየው አልቻለም። ሳያየው ግን ተዋጋው። በበሽታው የሞተ ጥንቸል ኅብለ ሠረሠር በጠርሙስ ውስጥ ተሰቅሎ እየደረቀ ሲሄድ መርዙ ቀን በቀን ይደክማል፤ በ14ኛው ቀን ጉዳት አያመጣም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከደከመው፣ ቀጥሎም ከበረታው እየወሰደ ውሾችን ቢወጋቸው በሽታው አልያዛቸውም። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። መርዙ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጐል የሚሄደው በዝግታ፣ ብዙ ጊዜም በሳምንታትና በወራት ነው። ክትባቱ ቀድሞት ከደረሰ ሰውነት ይዘጋጃል።

በፈረንጆች ሐምሌ 6 ቀን 1885 አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ዮሴፍ ማይስተርን ይዛ ከአልዛስ መጣች። ልጁን ከሁለት ቀን በፊት እብድ ውሻ በ14 ስፍራ ነክሶት ነበር። ፓስተር እጅግ ፈራ፤ መድኃኒቱ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም፣ እርሱም ሐኪም አልነበረም። ሆኖም ልጁ ያለ መድኃኒት እንደሚሞት ስላሰበ፣ ግራንሼ የሚባል ሐኪም በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ወጋው። ፓስተር በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ አላገኘም። ልጁ ዳነ።

በዚያው ዓመት ሉዊዝ ፔልቲዬ የምትባል የ10 ዓመት ልጅ አመጡለት። ራሷን ተነክሳ 37 ቀን አልፏታል። ፓስተር ጊዜው እንደ ረፈደ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወላጆቿን እንቢ ሊላቸው አልቻለም። ልጅቱ ሞተች።

ዛሬም በእኛ ከተሞች ሰውን የሚገድለው ይኸው መዘግየት ነው። ንክሻው ትንሽ ነው ብሎ የሚደብቅ ልጅ አለ፤ ሥር ማሽ ዘንድ እየተመላለሰ ቀኑን የሚያባክንም አለ። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ፣ ይኸውም ሕመምተኛው ውኃ መዋጥ ሲያቅተውና ሲፈራው፣ የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ ወይም ድመት የነከሰው ልጅ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ያጥባል፣ ለወላጆቹም ነግሮ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ውሻ ያለውም ሰው በየዓመቱ ያስከትበዋል። በአዲስ አበባ በፓስተር ስም የተጠራ ተቋም ነበረ፤ ወራሹ የሆነው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ ክትባት ለብዙ ዓመታት ሲያዘጋጅ ኖሯል።

በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት በ1888 ተከፈተ። ፓስተር በ1895 ሞተ፤ መቃብሩም በዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው። ያ ከአልዛስ የመጣ ልጅ ዮሴፍ ማይስተር ካደገ በኋላ ወደዚያ ተመልሶ የቤቱ በር ጠባቂ ሆነ።