ማዕድን ሊማሩ ሄደው አደይ አበባን የሳሉት ሰው

መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ውስጥ አደይ አበባ የማይታይበት ሰፈር የለም። ጦር ኃይሎችም እንደዚያው ነው። የባቡሩ መጨረሻ እዚህ ስለሆነ ሁላችንም እንወርዳለን፤ ከዚያ ስልካችን ላይ እንዳፈጠጥን አበባውን አልፈነው እንሄዳለን። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ግን አደይን ዝም ብለው ያላለፉ ሰው ይኖሩ ነበር። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ።

አፈወርቅ የተወለዱት በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው። ልጅነታቸውን የጣሊያን ወረራ አገኘው። አገር ነፃ ከወጣች በኋላ የተማረ ሰው በጣም ያስፈልግ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1947፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር።

እዚያ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥኦአቸውን አዩ። ምህንድስናው ቀረና ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ መማር ጀመሩ። በኋላም ስሌድ የተባለው ታዋቂ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና የሕንፃ ንድፍ ተማሩ።

እስቲ አስቡት። ዛሬ እንኳ ኢንጂነሪንግ ትቼ ሥዕል ልማር የሚል ልጅ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን። እሳቸው ደግሞ አገር ከፍሎ የላካቸው ልጅ ነበሩ። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ እዚያ የአንድ ምርጫ ዋጋ የሚለካው ለእሱ ሲባል በተተወው ነገር ነው። አፈወርቅ ይህን ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመለሱ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ቀርቦላቸው ነበር። እሱንም ትተው አገራቸውን ለማወቅ በየክፍለ ሀገሩ ዞሩ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አቀረቡ። ባገኙት ገንዘብ አውሮፓን ዞረው የመስታወት ሥዕል ጥበብ ተማሩ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉትን ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትም መረመሩ። ውጤቱ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አለ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ባለቀለም መስታወቶች የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያሉ።

በእነዚያው ዓመታት ከሠሯቸው ሥዕሎች አንዱ «የመስቀል አበባ» ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ልጁ የተላከው ከመሬት በታች ያለውን ሀብት እንዲፈልግ ነበር። እሱ ግን ማንም ሳይቆፍር፣ ማንም ሳይዘራ በየዓመቱ ከመሬት በላይ የሚወጣውን አየ። አደይ ጥቂት ሳምንት ቆይታ ትረግፋለች። ሥዕሉ ግን ስንት መስከረም አለፈው።

በ1964 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ቪላ አልፋ የሚባለውን ቤታቸውን ራሳቸው ነድፈው አሠሩ፤ መኖሪያቸውም፣ መሥሪያቸውም፣ ማሳያቸውም እሱ ሆነ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው አረፉ።

ምርጫቸው ለሁሉም ይሠራል አልልም። ተሰጥኦአቸውን ያየ መምህር ነበራቸው፤ ብዙዎቻችን ይሄን አናገኝም። ግን መስከረም ላይ ጦር ኃይሎች ስትወርዱ ስልኩን አንዴ ኪሳችሁ ክተቱት። አደይን ማየት እንኳ ነፃ ነው።