ዴኒስ ሪቺ፤ ሕይወታቸውና ለኮምፒዩተር ሙያ ያቆዩት ቅርስ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሲ ቋንቋን መማር የጀመረ አንድ ተማሪ የከተማውን ስም በፊደላችን ጽፎ ርዝመቱን እንዲቈጥርለት ኮምፒዩተሩን ቢያዝዝ መልሱ ያስገርመዋል። እንጅባራ አምስት ፊደል ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን 15 ይለዋል። ዳንግላ አራት ፊደል ሲሆን 12 ተብሎ ይቈጠራል። ተማሪው ስሕተቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ፕሮግራሙን ደግሞ ደጋግሞ ይመረምራል። እርሱ ግን አልተሳሳተም። የሚቈጥርለት ክፍል የተሠራው አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይጻፋል በሚባልበት ዘመን ስለሆነ፣ የሚቈጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው።

ይህ ቈጣሪና መሰሎቹ በአንድነት የተከማቹበትን ስብስብ የሙያው ሰዎች ላይብረሪ ይሉታል። ፋይል መክፈት፣ ጽሑፍ ወደ ማያው መላክ፣ ቀንና ሰዓት መናገር፣ ስሞችን በቅደም ተከተል መደርደር ለእያንዳንዱ ፕሮግራም እንደ አዲስ አይጻፍም፤ ሁሉም ከዚህ ከጋራ ጎተራ ይወስዳል። ጎተራው ሲነቅዝ የሚነቅዘው የአንድ ቤት እህል ብቻ አይደለም። ተጠቃሚው ስሙን እንኳ ሳያውቅ የሚኖረው ይህ ክፍል ምን ያህል ጥበቃ እንደሚሻ የሚያሳይ ሕይወት ቢኖር፣ የዴኒስ ሪቺ ሕይወት ነው።

ዴኒስ ማካሊስቴር ሪቺ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል በተባለች ከተማ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አባታቸው አሊስቴር ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የስልክ መቀያየሪያ መሣሪያዎችን ንድፍ ያጠኑ የነበሩ ሳይንቲስት ናቸው። ልጅየው ያደጉት በኒው ጀርሲ ሲሆን፣ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረው በ1963 ተመረቁ። ወደ ኮምፒዩተር ያዘነበሉት እዚያው ሳሉ ነው። በ1968 ለዶክትሬት የሚያበቃ የጥናት ጽሑፍ ጽፈው ጨረሱ፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ሳያስረክቡ ስለቀሩ ማዕርጉን አላገኙም። ዘመናቸውን ሙሉ ያለ ዶክትሬት ኖሩ፤ ስለዚህም የተጨነቁ አይመስልም።

በ1967 አባታቸው ይሠሩበት ወደነበረው ወደ ቤል ላቦራቶሪ ገቡ። መሥሪያ ቤቱ በዚያን ጊዜ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር ተባብሮ መልቲክስ የተባለ ሰፊ ሥርዓተ ክወና ይሠራ ነበር። አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል የታለመ ከባድ ሥራ ነበር፤ ወጪው በዛ፣ ጊዜውም ረዘመ። በ1969 ቤል ላቦራቶሪ ከውሉ ወጣ። ሪቺና ባልደረቦቻቸው የለመዱትን ምቾት በድንገት ተነጠቁ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ኬን ቶምሰን እምብዛም የማይፈለግ ፒዲፒ 7 የተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር አግኝተው፣ በዚያው በ1969 የአዲስ ሥርዓተ ክወና መነሻ ጻፉ። ዩኒክስ የተባለው ይህ ነው። ሪቺ ወዲያው ተባባሪ ሆኑ። ቀጥሎ የመጣላቸው ፒዲፒ 11 የማስታወስ አቅሙ 24 ሺህ ባይት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ በውስጡ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ዩኒክስ በመጀመሪያ እንጀራውን የበላው በጽሕፈት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የሪቺ ታላቅ ሥራ ግን ቋንቋው ነው። ቶምሰን ቢሲፒኤል ከተባለው የእንግሊዛዊው የማርቲን ሪቻርድስ ቋንቋ ቀንሰው ቢ የተባለ ትንሽ ቋንቋ አዘጋጅተው ነበር። ቢ ቍጥርንና ፊደልን አይለይም፤ አዲሱ ኮምፒዩተር ግን በባይት የሚሠራ ስለነበር ልዩነቱ አስፈለገ። ሪቺ ከ1971 እስከ 1973 በነበረው ጊዜ በቢ ላይ የዓይነት ልዩነትን ጨምረው፣ በኋላም የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ላይ የሚያስር መዋቅር አክለው ሲ የተባለውን ቋንቋ አወጡ። በ1973 የዩኒክስ እምብርት በዚሁ በሲ እንደገና ተጻፈ። ሥርዓተ ክወና ከማሽኑ ቋንቋ በቀር በሌላ ሊጻፍ አይገባም የሚል እምነት በሰፈነበት ጊዜ ይህ ደፋር እርምጃ ነበር።

የላይብረሪው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ሪቺ በቋንቋው ውስጥ የንባብና የጽሕፈት ትእዛዝ አላስገቡም። ቋንቋው ራሱ ምንም ማተም አይችልም፤ ለማተም ከላይብረሪው መዋስ አለበት። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ ጕድለት ይመስላል። ይሁን እንጂ ቋንቋው ትንሽ ሆኖ እንዲቀር፣ የሚለዋወጠውም ነገር በላይብረሪው ላይ እንዲወድቅ አደረገ። ባልደረባቸው ማይክ ሌስክ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የንባብና የጽሕፈት ስብስብ አዘጋጁ፤ ይኸው ተሻሽሎ በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው እትም ጋር መደበኛ ላይብረሪ ሆነ። ሪቺ ከስቲቭ ጆንሰን ጋር ዩኒክስን ኢንተርዴታ ወደተባለ ፍጹም ልዩ ወደሆነ ኮምፒዩተር ያዛወሩት በ1977 ገደማ ሲሆን፣ ያ ሥራ ማሽኑ ቢለወጥም ላይብረሪው ቃሉን ከጠበቀ በላዩ የተሠራው ሁሉ እንደሚቆም አረጋገጠ።

ዩኒክስ ከላቦራቶሪው ወጥቶ እንዲሰራጭ የረዳው አንድ የሕግ ጉዳይ ነበር። የቤል ባለቤት የሆነው የስልክ ኩባንያ በ1956 ከመንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ምክንያት የኮምፒዩተር ንግድ ውስጥ መግባት አይችልም ነበር። ስለሆነም ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች ከነምንጭ ጽሑፉ በአነስተኛ ዋጋ ሰጠ። ተማሪዎች የሥርዓቱን ውስጥ አነበቡ፤ ያነበቡትንም አረሙ። ሪቺ ራሳቸው አንድ ተራ ተጠቃሚ የተከለከለ ፋይልን በተፈቀደለት ፕሮግራም በኩል ብቻ እንዲነካ የሚያስችል ዘዴ ፈጥረው በ1979 ፓተንት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ፓተንቱ ግን ለሕዝብ ጥቅም ተለቀቀ። በ1978 ከብራያን ከርኒሃን ጋር ያሳተሙት የሲ መማሪያ መጽሐፍም ቀጭንና ግልጽ በመሆኑ በመላው ዓለም ተነበበ። ከዚያ በኋላ የወጡ ወፍራም የፕሮግራም መጻሕፍት አርአያነቱን ቢከተሉ ኖሮ ብዙ ወረቀት በተረፈ ነበር።

በ1983 ሪቺና ቶምሰን የኮምፒዩተር ሙያ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የተመሰገነው ሥራ ደካማ ጎኑ በአደባባይ ታየ።

በላይብረሪው ውስጥ ጌትስ የተባለ አንድ ትንሽ ክፍል ነበር። ሥራው ከውጭ የሚመጣን አንድ መስመር ጽሑፍ አንብቦ በተዘጋጀለት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቦታው ስንት ባይት እንደሚይዝ ግን አይጠይቅም፤ መስመሩ ከረዘመ ሞልቶ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። በጥቂት ባልደረቦች መካከል፣ ሁሉም በሚተዋወቁበት ክፍል ውስጥ፣ ይህ ችግር አልነበረም። በኅዳር 1988 ግን አንድ ወጣት የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ጌትስ ሆነ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችም ታወኩ። የወጣቱ አባት ሮበርት ሞሪስ በቤል ላቦራቶሪ የሪቺ ባልደረባ የነበሩ፣ የዩኒክስን የሒሳብ ላይብረሪ የጻፉ ሰው መሆናቸው የነገሩን አሳዛኝነት ያበዛዋል።

ይህ ከሆነ በኋላ ጌትስን ወዲያው ማስወገድ ቀላል ይመስል ይሆናል። አልነበረም። በዚያ ክፍል የሚገለገሉ ፕሮግራሞች በዓለም ላይ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ክፍሉ ሲነሣ ሁሉም እንደገና መጻፍ አለባቸው። በ1989 የጸደቀው የሲ ብሔራዊ ደረጃ ጌትስን እንደያዘ ወጣ። ሪቺ የደረጃውን ኮሚቴ በአባልነት አልመሩም፤ ሆኖም በ1988 ኮሚቴው ሊያስገባ ያሰበውን አንድ አዲስ ቃል በጽሑፍ አጥብቀው ተቃውመው እንዲቀር አድርገዋል። ያልበሰለ ነገር አንዴ ከገባ እንደማይወጣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በ1993 የቋንቋውን ታሪክ ሲጽፉም ጕድለቶቹን አልሸሸጉም፤ ከሪቻርድስና ከቶምሰን የወሰዱትንም በየስፍራው ለባለቤቱ መለሱ።

በዚህ መካከል የዩኒክስ ሐሳብ ሌላ ቤት አግኝቶ ነበር። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ግኑ የተባለውን እቅድ አስታወቁ፤ በ1991 ደግሞ የሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ ተወለደ። ሮላንድ መግራዝ በ1980ዎቹ የጀመሩት የግኑ ላይብረሪ የሪቺን መስመር ሳይጠቅስ በተግባር ይከተላል። አንድም የቤል መሥሪያ ቤት መስመር ሳይቀዳበት፣ ስሞቹና ውሎቹ ግን እንደ ጥንቱ ናቸው። ዛሬ የሚጠብቁት በተለያየ አገር ያሉ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እትም ያወጣሉ።

የጠባቂዎቹን ድካም ለመረዳት የሰዓቱን ጉዳይ ማየት ይበቃል። በ1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ጊዜን በሴኮንድ አንድ ስድሳኛ ይቈጥር ነበር፤ በዚህ አኳኋን ቈጣሪው ከሁለት ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሴኮንድ እንዲቈጠር ተለወጠ። ይህም በ32 ቢት ሲያዝ ጥር 19 ቀን 2038 ይሞላል። የግኑ ላይብረሪ በ32 ቢት ኮምፒዩተሮች ላይ ሰፋ ያለውን ባለ 64 ቢት ቈጣሪ እንዲቀበል የተደረገው በ2021 ነው። ሥራው ዓመታት የፈጀው ቍጥሩን ማስፋት ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ በጠባቡ ቍጥር የተሠሩ አሮጌ ፕሮግራሞች ሳይሰበሩ መስፋት ስለነበረበት ነው።

የፊደላችን ነገርም ከሪቺ ክፍል ይነካል። በ1992 ባልደረቦቻቸው ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በባይት ሰንሰለት የሚጽፍ፣ ዩቲኤፍ 8 የተባለ ዘዴ አወጡ። ጥበቡ አሮጌው ላይብረሪ ሳይፈርስ አዲስ ፊደል እንዲያሳልፍ ማስቻሉ ነው። በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ፣ በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። እንጅባራ 15 የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። በላይብረሪው ውስጥ ፊደልን እንደ ፊደል የሚቈጥሩ ሌሎች ክፍሎች በኋላ ተጨምረዋል፤ ተማሪው ያንን አሮጌ ቈጣሪ ትቶ እነርሱን ቢጠራና የቋንቋውን መቼት ቢያስተካክል 5 ያገኛል።

ሪቺ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የክፍል ኀላፊ ሆነው ፕላን 9 እና ኢንፈርኖ የተባሉትን ሥርዓቶች ሥራ አስተባበሩ። በ1999 ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ የአሜሪካን የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ሜዳይ ከቶምሰን ጋር ተቀበሉ፤ በ2007 ጡረታ ወጡ፤ በ2011 የጃፓን ሽልማት ተሰጣቸው። ዝምተኛና ዓይነ አፋር፣ ወደ ሥራ ዘግይተው የሚገቡና ሌሊቱን የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ጥቅምት 12 ቀን 2011 በኒው ጀርሲ ብቻቸውን ይኖሩበት በነበረው ቤታቸው ሞተው ተገኙ፤ ዕድሜያቸው 70 ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የአፕል ኩባንያው ስቲቭ ጆብስ ዐርፈው የዓለም ጋዜጦች በእርሳቸው ዜና ተሞልተው ስለነበር፣ የሪቺ ሞት በጥቂት መስመር አለፈ። የጆብስ ኩባንያ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የቆሙት በዩኒክስ ዝርያ ላይ መሆኑን ያስታወሱ ጥቂቶች ነበሩ።

በታኅሣሥ 2011፣ ሪቺ በሞቱ በሁለተኛው ወር፣ አዲሱ የሲ ዓለም አቀፍ ደረጃ ታትሞ ወጣ። ጌትስ በውስጡ የለም። ጕዳቱ በግልጽ ከታየ 23 ዓመት ሆኖት ነበር።

ያልተነኩ ነገሮች ግን ይቀራሉ። የላይብረሪው የቀን መቍጠሪያ ወርን ከ0 እስከ 11 ብቻ ስለሚቈጥር ጳጉሜን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የየአገሩን የቀንና የወር ስም፣ የገንዘብ ምልክትና የፊደል ቅደም ተከተል የሚይዙ ፋይሎችም አሉት፤ ከኢትዮጵያ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ግእዝ ተመዝግበዋል። የአገው ቋንቋዎች የሚሹት ጘ ከነቤቱ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ይገኛል። በእንጅባራና በዳንግላ ልጆች የሚማሩበት የአዊ አገውኛ ግን በ2024 በወጣው የግኑ ላይብረሪ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የሚያስፈልገው ፋይል ጥቂት መቶ መስመር ያለው ተራ ጽሑፍ ሲሆን፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ጽፎ ለጠባቂዎቹ ሊልከው ይችላል።