የቁልፍ ሠሪው ልጅ ጌኦርግ ኦም

ጌኦርግ ሲሞን ኦም በጀርመን አገር፣ ኤርላንገን በምትባል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ሲሆን፣ በገዛ ጥረቱ ያገኘውን የሒሳብ ትምህርት ለልጁ አስተማረው።

ኦም በኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ የሽቦዎችን ርዝመት እየለዋወጠ መረመረ። የኤሌክትሪኩ ግፊት እጥፍ ሲሆን በሽቦው የሚያልፈውም ኤሌክትሪክ እጥፍ እንደሚሆን አገኘ፤ በ1827 ዓ.ም. ይህን በመጽሐፍ አሳተመ። ያገሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ ስላልተቀበሉት ሥራውን ለቀቀ። በ1841 ዓ.ም. ግን የሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው። በ1854 ዓ.ም. በሙኒክ ሞተ።

ሕጉ ለሁሉም ነገር አይሠራም። አቶሞቹ በሥርዓት ባልተደረደሩበት ጠጣር ነገር ውስጥ ኤሌክትሮን እንደ ልቡ አይሮጥም፤ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። ግፊቱ ደካማ ሲሆን የኦም ሕግ ይጸናል፤ እጅግ ሲበረታ ግን ዝላዩ ስለሚቀል፣ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ኤሌክትሪኩ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ የተመረመረው ኦም ከሞተ በኋላ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ሊቃውንት ልዩነቱን የሚለኩት ከእርሱ ሕግ ጋር እያስተያዩ ስለሆነ፣ የመምህሩ ድካም ከንቱ አልቀረም።