መምህር ሆነው መጥተው ሊቃውንትን ያገናኙ፤ የጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ታሪክ

በጨንቻም ሆነ በዶርዜ፣ በሌላውም የጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለ። ሰው ከሰው፣ መንደር ከመንደር ሲጣላ ሽማግሎች በዚያ ይቀመጡና የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማሉ። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቁጣ የተነሡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ በወጡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በፊታቸው ተንበርክከው እንደ መለሷቸው ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። የአንድ ቀን ቁጣ እንዲህ በሽማግሌ ይበርዳል። ነገር ግን ጠቡ የ1500 ዓመት ቢሆን፣ ተጣይዎቹም የየአገሩ ታላላቅ የሃይማኖት ሊቃውንት ቢሆኑ፣ ማን ያስታርቃቸዋል? ይህን ሥራ ከጀመሩት አንዱ በአገራችን ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር ናቸው። ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእሳቸውን ታሪክ የመረጥኩት ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ፣ በመጀመሪያ ስማቸው ፖል ቨርጊስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1914 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ኬራላ በሚባለው ክፍል፣ ትሪፑኒቱራ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዚያ አገር ክርስትና እጅግ የቆየ ነው፤ ሕዝቡም ወንጌልን የሰበከልን ሐዋርያው ቶማስ ነው ብሎ ያምናል። ፖል በትምህርታቸው ብርቱ ቢሆኑም ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ወዲያው ኮሌጅ መግባት አልሆነላቸውም። ለጋዜጣ ወሬ እየጻፉ ሠሩ፤ ከዚያም በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በሠራተኞቹም ማኅበር ውስጥ አገለገሉ። ሰዎችን ማሰባሰብን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ የሁለት ወገን ሐሳብ ማቀራረብን በዚያ ሳይማሩት አልቀሩም።

በ1947 ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቶቿን እንደገና በምታቋቁምበት ጊዜ፣ የ25 ዓመቱ ፖል መምህር ሆነው ወደ አገራችን መጡ። ከእሳቸው በኋላ ብዙ የኬራላ መምህራን ተከትለዋል፤ ወላጆቻችን ስለ ተማሪነታቸው ሲያወሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯቸውን የሕንድ መምህራን ሳያነሡ አይቀሩም። ፖል ግን እያስተማሩ ራሳቸውም ተማሪ ሆኑ፤ አማርኛን ተማሩ፣ አወቁትም። የኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን እምነት በአገራቸው የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያናቸው እምነት መሆኑን አዩ። በመካከል ሰፊ ባሕር ቢኖርም፣ የቅዳሴውም ቋንቋ ግዕዝና ሱርስት ቢሆን፣ ሃይማኖቱ አንድ ነው።

በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጎሼን ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 ወደ ሕንድ ተመልሰው የተማሪዎችን ማኅበር ሲያገለግሉ ቆዩ። በ1956 ዳግመኛ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እስከ 1959 የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆኑ። ሥራቸው በቤተ መንግሥት ብቻ አልተወሰነም፤ በአዲስ አበባ ለኮሌጅ ተማሪዎች መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምሩ ነበር፤ ሃይማኖተ አበው የተባለውንም የተማሪዎች ማኅበር ከረዱት መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱን ክብር ትተው ለተጨማሪ ጥናት ወጡ፤ በ1961 ቅስና ተቀበሉ፤ ከ1962 እስከ 1967 በጄኔቫ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በከፍተኛ ኃላፊነት ሠሩ።

ታላቁ ሥራቸው የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። ይህን ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። በ451 በኬልቄዶን ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ ስለ ክርስቶስ የወሰነውን ቃል አንዳንዶቹ ተቀበሉ፣ ሌሎቹ አልተቀበሉም። እየዋለ እያደረ የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኋላም የሕንድ፣ በአንድ ወገን ሆኑ፤ እነዚህን አኃት አብያተ ክርስቲያናት እንላቸዋለን። የግሪክ፣ የሩስያ፣ የሩማንያና የመሰሎቻቸው ኦርቶዶክሶች በሌላው ወገን ቀሩ። አንዱ ወገን ቅዱስ ቄርሎስን ተከትሎ ሥጋ የሆነ የእግዚአብሔር ቃል አንድ ባሕርይ ነው ይላል፤ ሌላው በሁለት ባሕርይ የሚታወቅ አንድ አካል ነው ይላል። በዚህ ምክንያት እርስ በርሳቸው ተወጋገዙ። የነገሥታት ፖለቲካ፣ የአገርና የቋንቋ ልዩነትም ጠቡን አባባሱት።

አባ ፖልና ኒኮስ ኒሲዮቲስ የሚባሉ ግሪካዊ ሊቅ ይህን ነገር በሥርዓት ለማስመርመር ተባበሩ፤ አንዱ ከአንዱ ወገን፣ ሌላው ከሌላው ወገን ስለ ሆኑ ለማንም አላደሉም። ያወጡት መንገድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብልህ ነው። ሊቃውንቱን የጠሩት የቤተ ክርስቲያናቸው መልእክተኞች አድርገው ሳይሆን በየግላቸው ነበር። መልእክተኛ የሆነ ሰው እንዳይሸነፍ ይጠነቀቃልና፤ በግሉ የመጣ ሊቅ ግን ያላወቀውን ለመጠየቅ አያፍርም። እያንዳንዱ ጥናቱን ጽፎ ያቀርባል፤ ሌሎቹ ይመረምሩታል፤ በመጨረሻም የተስማሙበትንና ገና የሚቀረውን ለይተው ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በነሐሴ 1964 በዴንማርክ፣ በኦርሁስ ከተማ ተደረገ። ከአገራችን ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህና ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ነበሩ። ከእስያም የሕንድ፣ የሶርያና የአርመን ሊቃውንት መጥተዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ኋላ የሶርያ ፓትርያርክ የሆኑት የሞሱሉ ጳጳስ ዘካ ኢዋስ ናቸው። በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ያስተማሩት የኬራላው ሊቅ ቪ. ሲ. ሳሙኤልም የውይይቱ ዓምድ ነበሩ።

እነዚህ ሊቃውንት አንድ ነገር አገኙ። ባሕርይ ተብሎ የሚተረጐመውን የግሪክ ቃል ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ትርጉም ኖሯል የሚናገሩበት። ሁለቱም ንስጥሮስን ያወግዛሉ፤ ሁለቱም አውጣኪን ያወግዛሉ፤ ሁለቱም የቄርሎስን ትምህርት ይቀበላሉ፤ ሁለቱም መለኮትና ትስብእት ሳይቀላቀሉ፣ ሳይለወጡ፣ ሳይከፈሉ፣ ሳይለያዩ በአንዱ ክርስቶስ እንደ ተዋሐዱ ያምናሉ። በቃል ተለያይተው በእምነቱ ፍሬ ግን አንድ መሆናቸውን ከ1513 ዓመት በኋላ በጽሑፍ አስታወቁ።

ወራት ሳይቆይ በጥር 1957 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። እነዚህ አኃት በእምነት አንድ ሲሆኑ መሪዎቻቸው ለብዙ ዘመን በአንድነት ተቀምጠው አያውቁም ነበር። በዚያ ጉባኤ በትምህርትና በስብከተ ወንጌል ለመተባበር ተስማሙ፤ ሥራውንም የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ አቆሙ። የአፍሪቃና የእስያ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የተገናኙባት ከተማ አዲስ አበባ መሆኗ ለኢትዮጵያውያን የሚያኮራ ነው።

የሊቃውንቱ ውይይት በ1967 በእንግሊዝ በብሪስቶል፣ በ1970 በጄኔቫ ቀጠለ። አራተኛው በጥር 1963 ዓ.ም. የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ በአዲስ አበባ ስብሰባውን እንደ ፈጸመ በዚያው ከተማ ተደረገ። በዚህ ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብድ ነበር። ዲዮስቆሮስ ለእኛ ቅዱስ ነው፤ በስሙም የሚቀደስ ቅዳሴ አለን። ሌላው ወገን ግን አውግዞታል። በአንጻሩ ልዮን ለእነሱ ቅዱስ ነው፣ በእኛ ዘንድ ግን የተወገዘ ነው። ታዲያ ሰዎች እንዴት ይታረቃሉ? ሊቃውንቱ የደረሱበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ውግዘት ከመነሣቱ በፊት የተወገዘው ሰው ትምህርት በሚገባ ይጠና፤ ውግዘቱ ቢነሣም ማንም ወገን የሌላውን ቅዱስ በራሱ የቅዱሳን መዝገብ እንዲጽፍ አይገደድ። እርቅ ማለት አንዱ ሌላውን መምሰል አይደለምና።

አባ ፖል በ1967 ወደ አገራቸው ተመልሰው በኮታያም የሚገኘው የኦርቶዶክስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ፤ ይህንም ሥራ እስከ ሞታቸው አልተዉትም። በ1975 ጵጵስና ተቀብለው ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ሜትሮፖሊታን ሆኑ። በ1979 በአሜሪካ ስለ ሃይማኖትና ሳይንስ የተደረገውን የዓለም ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ ከ1983 እስከ 1991 ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ፕሬዚዳንቶች አንዱ ነበሩ። ብዙ መጻሕፍትም ጽፈዋል።

ይሁን እንጂ የዚህን ሰው ሕይወት ድል ብቻ አድርጎ መጻፍ እውነትን መሸፈን ነው። የእርቅ ጐዳና የሄዱ እሳቸው፣ በገዛ አገራቸው ቤተ ክርስቲያናቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ለሁለት ስትከፈልና ነገሩ በፍርድ ቤት ሲጓተት አዩ። በሊቃውንቱ የተጀመረው ውይይት በ1985 በአብያተ ክርስቲያናቱ ይፋዊ ኮሚሽን እጅ ገባ፤ ኮሚሽኑም በ1989 በግብጽና በ1990 በስዊስ ባወጣቸው ስምምነቶች የሊቃውንቱን ሐሳብ አጸና። ነገር ግን በየአገሩ ብዙዎች ስምምነቱን አልወደዱትም፤ የአባቶችን ሃይማኖት እንደ መልቀቅ የቆጠሩትም አሉ። ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ በአንድ መሠዊያ አይቀድሱም። ማር ጎርጎርዮስ ኅዳር 15 ቀን 1989 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሥራው አላለቀም ነበር፤ አጽማቸውም በኮታያም፣ ባስተማሩበት ግቢ ዐርፏል።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ነውን? እኔ ከንቱ ነው አልልም። ከእሳቸው በፊት አንዱ ወገን ሌላውን የሚያውቀው ጠላቶቹ በጻፉት መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ሌላው ራሱ የሚለውን አንብቦ መፍረድ ይቻላል። ይህን ያደረጉት ደግሞ የራሳቸውን እምነት በመተው አይደለም። እስከ መጨረሻው የቤተ ክርስቲያናቸው ታማኝ ልጅ ነበሩ፤ ለራሱ እምነት ሥር የሌለው ሰው ስለ ሌላው እምነት በጥንቃቄ ሊናገር አይችልምና።

እኛ በዚህ ትምህርት ቤት በአንድ ወንበር የምንቀመጥ ልጆች እሑድ እሑድ የምንሄደው ወደ ተለያየ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወደ መስጊድ የሚሄዱም ጓደኞች አሉን። በዕረፍት ሰዓት ስለ ሃይማኖት ክርክር ሲነሣ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አንዳንዴም ጓደኝነት ይበላሻል። ብዙ ጊዜ የምንጣላው ጓደኛችን ባለው ነገር ሳይሆን ብሏል ብለን ባሰብነው ነገር ነው። ሽማግሎቻችን በዱቡሻ፣ ሊቃውንቱም በጉባኤያቸው ያስተማሩን አንድ ትምህርት ነው፤ ከመመለስ በፊት መስማት፣ ከመፍረድ በፊት ይህ ቃል በአንተ ዘንድ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ። ከኬራላ የመጡት መምህር ለአገራችን ተማሪዎች ትተውልን ከሄዱት ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል።