ዳንኤል ማክፋርላን ሙር

ዳንኤል ማክፋርላን ሙር (የካቲት 21 ቀን 1861 – ሰኔ 8 ቀን 1928 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። የሚታወቀው ጋዝ በያዘ ረጅም የመስታወት ቱቦ በሚሠራው የሙር መብራትና በአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ መሣሪያዎች ፊት ላይ እንደ ጠቋሚ በሚበራው ትንሽ የኒዮን አምፖል ነው። በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፌዝ ለመፈለግ የሚይዙት ተራ ቴስተር ውስጥ ብርቱካናማ ብርሃን የሚሰጠው ይኸው የኒዮን አምፖል ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የመጀመሪያ ሥራው

ሙር በፔንስልቬኒያ ግዛት በኖርዘምበርላንድ ከተማ ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1890 ከቶማስ ኤዲሰን ኩባንያዎች በአንዱ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የኤዲሰን አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ነበር። ኤዲሰን በአምፖሉ ላይ ምን ቅሬታ እንዳለው ሙርን ሲጠይቀው፣ በጣም ትንሽ፣ በጣም ትኩስና በጣም ቀይ መሆኑን እንደነገረው ይተረካል። በ1894 ሥራውን ለቆ የራሱን ኩባንያዎች አቋቋመ።

የሙር መብራት

የሙር ቱቦ የሚግል ክር የለውም። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያልፍበት ራሱ ያበራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀን ብርሃን የቀረበ ነጭ ብርሃን ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያው የንግድ ተከላ በ1904 በኒውአርክ ከተማ በአንድ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ተሠራ። ቱቦዎቹ ከ70 ሜትር በላይ ሊረዝሙ ይችሉ ነበር። ችግሩ ጋዙ በሥራ ላይ እያለቀ መሄዱ ነው። ሙር ለዚህ በኤሌክትሮማግኔት የሚከፈት፣ ጥቂት ጥቂት ጋዝ የሚያስገባ ቫልቭ ሠራ። ብልህ መፍትሔ ነበር፤ ነገር ግን ተከላውም ጥገናውም ውድ ሆነ። የተንግስተን ክር ያለው አምፖል ሲመጣ ገበያው ጠፋ። በ1912 የሙር ኩባንያዎች በጄኔራል ኤሌክትሪክ ተጠቀለሉ፤ እርሱም ከኤዲሰን ኩባንያ ወደ ወጣው ወደዚህ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ተመለሰ።

ትንሹ የኒዮን አምፖል

በ1917 ገደማ ሙር ግዙፉን ቱቦ ትቶ ጣት የማይሞላ አምፖል ሠራ። ሁለት ኤሌክትሮዶች በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ኒዮን ውስጥ ይቀመጣሉ። ቮልቴጁ ከ60 እስከ 90 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ጋዙ ይበራል፤ የሚወስደው ከረንት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፒር ያንሳል። ቤት ለማብራት አይበቃም፤ መሣሪያው መብራት እንዳገኘ ለማሳየት ግን በጣም ተስማሚ ነው። በ1919 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። በ1920ዎቹም ቻርልስ ጄንኪንስ ለሜካኒካል ቴሌቪዥን ተጠቅሞበታል።

ይህ አምፖል እንደ ክር አምፖል በአንድ ጊዜ አይቃጠልም፤ ቀስ በቀስ ያረጃል። ከኤሌክትሮዱ የሚረግፈው ብረት መስታወቱን ከውስጥ ያጠቁረዋል፣ ለመብራት የሚፈልገው ቮልቴጅም ይጨምራል፣ በመጨረሻም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ስለዚህ በአሮጌ ኦሲሎስኮፕ ላይ ጠቋሚው ስለተንቀጠቀጠ ብቻ የኃይል ክፍሉ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም። መጀመሪያ መታየት ያለበት መስታወቱ ነው። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ አምፖሉ ካልበራ፣ በተከታታይ የተገናኘው ሬዚስተር ይለካል፤ ከዕድሜ ብዛት ዋጋው ሊጨምር ወይም ሊበጠስ ይችላል። ከመለካት በፊት መሰኪያው መነቀልና በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ መውጣት አለበት፤ በቱቦ በሚሠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ይህ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በባትሪ ብርሃን ሲታይ የሚበራ፣ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጠፋ አምፖልም ያጋጥማል፤ ያረጀ አምፖል በጨለማ ለመነሳት ይቸገራልና።

አዲስ አምፖል ያለ ሬዚስተር ፈጽሞ አይገጠምም። ጋዙ ከበራ በኋላ ከረንቱን የሚገታው ሬዚስተሩ ብቻ ነው፤ ለ220 ቮልት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 220 ኪሎኦም ይሆናል። በኤሌዲ መተካትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ለምሳሌ በቀደሙት የቴክትሮኒክስ ኦሲሎስኮፖች ውስጥ አንዳንዶቹ የኒዮን አምፖሎች ጠቋሚ ሳይሆኑ በቱቦዎች መካከል ቋሚ የቮልቴጅ ልዩነት የሚጠብቁ የወረዳው አካል ናቸው። ሌላው ጠቃሚ ባሕርይ ደግሞ በኤሲ ሁለቱም ኤሌክትሮዶች ሲበሩ በዲሲ የሚበራው ኔጌቲቩ ብቻ መሆኑ ነው። ዲሲ ሊኖርበት በሚገባ መስመር ላይ ሁለቱም ከበሩ ሬክቲፋየሩን መመርመር ይገባል።

አሟሟቱ

ሙር ከመቶ በላይ የባለቤትነት መብቶች ነበሩት። ሕይወቱ ያለፈውም በአንዱ ምክንያት ነው። ሥራ አጥ የነበረ አንድ የፈጠራ ሰው ማመልከቻ ያስገባበት ግኝት አስቀድሞ በሙር ስም ተመዝግቦ ስላገኘው ተቆጥቶ፣ ሰኔ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ኒው ጀርሲ ኢስት ኦሬንጅ ወደሚገኘው ቤቱ መጣና በግቢው ሣር ላይ በጥይት ገደለው። ሙር 67 ዓመቱ ነበር።