የዕፀዋት ሊቁ ጌዎርግ ሽዋይንፉርት

ለሳይንስ ከፍ ያለ አስተዋጽኦ ያበረከቱ ሰዎች በልዩ ልዩ መንገድ ይከበራሉ። አንዳንዶቹ የወርቅ ሜዳይ ይሸለማሉ፤ ሌሎቹ ገንዘብ ወይም የክብር ማዕረግ ይቀበላሉ። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ግን ከእነዚህ ሌላ አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ይኸውም አዲስ የታወቀ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ የአንድ ባለውለታ ሰው መጠሪያ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ጌዎርግ ሽዋይንፉርት ሜዳዩንም ስሙንም ያገኘ ሊቅ ነበር። ለሜዳዩ ካበቁት ሥራዎች ዋነኛው መነሻውም መመለሻውም ካርቱም ነበረች።

ሽዋይንፉርት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1836 ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ በሆነችው በሪጋ ነው። በሃይደልበርግ፣ በሙኒክና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ በ1862 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በትምህርቱ ዘመን ይበልጥ የማረከው የዕፀዋት ጥናት ነበር። ሌሎች ተጓዦች ከአባይ ሸለቆ ያመጧቸውን የደረቁ ዕፀዋት እየመረመረ ሲያጠና ተክሎቹን በበቀሉበት ምድር ለማየት ጉጉት አደረበት።

በዚህም መሠረት በ1863 ወደ ግብፅ መጣ። ከዚያም በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ ዕፀዋትን ሰበሰበ፤ በከሰላና በገዳሪፍ በኩል አልፎ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ እስከ ገላባት ደረሰ። ከገላባትም ወደ ካርቱም ተጓዘ። በ1866 ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት የሚያትት መጽሐፍ በ1867 አሳተመ።

በዚያ ዘመን ካርቱም በግብፅ መንግሥት ሥር የነበረች የንግድ ከተማ ነበረች። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ስለ ተቆረቆረች ወደ ደቡብ የሚሄዱ ጀልባዎች ሁሉ የሚነሡት ከእርሷ ነበር። የከተማዋ ሀብት የተመሠረተው በዝሆን ጥርስ ንግድና በባሪያ ፍንገላ ላይ ነው። የካርቱም ነጋዴዎች በደቡብ ሱዳን ውስጥ ዘሪባ የሚባሉ በእሾህ የታጠሩ ሰፈሮች ነበሯቸው፤ የታጠቁ ሰዎቻቸውንም በእነዚህ ሰፈሮች እያስቀመጡ የአገሩን ሕዝብ ይዘርፉና ይማርኩ ነበር።

በ1868 በበርሊን የሚገኘው በሁምቦልት ስም የተቋቋመ ድርጅት ሽዋይንፉርትን ወደ አፍሪካ መካከለኛ ክፍል ላከው። እርሱም በጃንዋሪ 1869 ከካርቱም ተነሥቶ በነጭ ዓባይ ሽቅብ ወደ ባሕር ኤል ጋዛል ተጓዘ። ብቻውን መጓዝ ስለማይቻል ከዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጋር መሄድ ግድ ሆነበት። በዲንካ፣ በቦንጎና በአዛንዴ አገሮች አልፎ እስከ ማንግቤቱ ምድር ዘለቀ። በማርች 1870 የዌሌን ወንዝ አየ፤ ወንዙም ከዓባይ ጋር የማይገናኝ መሆኑን ተረዳ። ወደ ቻድ ሐይቅ አቅጣጫ የሚሄድ መስሎት ነበር። የዌሌ ውኃ ወደ ኮንጎ ወንዝ የሚገባ መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው።

በጉዞው ሁሉ ዋና ተግባሩ ዕፀዋትን መሰብሰብ ነበር። ይህ ሥራ ቀላል መስሎ ቢታይም ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተክሉ ከነአበባውና ከነቅጠሉ ተቆርጦ በወረቀት መካከል ይተኛል፤ እንዳይሻግትም ወረቀቱ በየጊዜው ይለወጣል። ከዚያም የተገኘበት ቦታና ቀን ይጻፍበታል። ይህ ጽሑፍ የሌለው ናሙና ለሳይንስ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው። በዝናብና በምስጥ አገር ይህን ሁሉ ሳያቋርጡ መፈጸም ምን ያህል እንደሚያደክም መገመት አያስቸግርም።

በዲሴምበር 1870 ግን ከባድ አደጋ ደረሰበት። ያረፈበት ሰፈር ጎጆዎች በሣር የተሠሩ ስለ ነበሩ የተነሣው እሳት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰፈሩን አወደመው። በእጁ የነበሩት ስብስቦች፣ ማስታወሻዎችና የመለኪያ መሣሪያዎች ከሞላ ጎደል ተቃጠሉ። የብዙ ወራት ድካም በአንድ ቀን አመድ ሆነ።

ሽዋይንፉርት ከዚህ በኋላ ሥራውን ትቶ ቢመለስ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ጥናቱን ቀጠለ። ሰዓቱና መሣሪያዎቹ ስለ ጠፉበት የመንገዱን ርቀት በእርምጃው መቁጠር ጀመረ። እየቆጠረና እየጻፈ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል እርምጃ ተጓዘ፤ በዚህም ዘዴ የአገሩን ካርታ ለመሥራት ቻለ። በጁላይ 1871 ካርቱም ገባ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተመልሶ የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አቀረበ።

የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1874 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። የበርሊኑ የዕፀዋት ሊቅ አሌክሳንደር ብራውን ደግሞ ለአንድ የዕፀዋት ወገን ሽዋይንፉርትያ የሚል ስም ሰጠ። በ1875 በኬዲቭ እስማኤል ዘመን በካይሮ የተቋቋመው የጂኦግራፊ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሆነ።

ከሽልማቱም በኋላ አላረፈም። በ1881 በግብፅ በዴር ኤል ባሕሪ የጥንት ፈርዖኖች አስከሬኖች ሲገኙ የተቀበሩባቸውን የአበባ ጉንጉኖች መረመረ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የተቀጠፉትን አበቦችና ቅጠሎች በየስማቸው ለየ። በ1891፣ በ1892ና በ1894 ኤርትራ እየመጣ ዕፀዋትን ሰበሰበ። ስንዴ ከየት እንደ መጣም ይመራመር ነበር። አሮን አሮንሶን የተባለው የእርሻ ሊቅ የዱር ስንዴን እንዲፈልግ ካበረታቱት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ አሮንሶንም በ1906 በገሊላ ተክሉን አገኘው።

የአንድ ሰው ታሪክ ሲመዘን ግን ጉድለቱም መነሣት አለበት። ሽዋይንፉርት የባሪያ ንግድን ክፋት በመጽሐፉ በዝርዝር ገልጿል፤ ሆኖም የተጓዘው በዚያው ንግድ በበለጸጉ ሰዎች ጥበቃ ነው። ከማንግቤቱም የሰው ራስ ቅሎችን ሰብስቧል። ንጉሥ ሙንዛ የሰጠውን አንድ የአካ ወጣት ይዞ ሲመለስ ወጣቱ በርበር ላይ ታሞ ሞተ። መንገድ የመሩት፣ ዕቃ የተሸከሙለትና የተክሎቹን የአገር ስም የነገሩት ሰዎችም ሜዳይ አላገኙም። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሽልማት ብዙ ጊዜ የብዙ ሰዎችን ድካም የሚወክል መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሽዋይንፉርት በ1925 በበርሊን በ88 ዓመቱ አረፈ፤ መቃብሩም በከተማዋ የዕፀዋት ማዕከል ውስጥ ነው። በ1943 በጦርነት ጊዜ የበርሊን የዕፀዋት ሙዚየም በቦምብ ሲቃጠል አብዛኛው ስብስብ ጠፋ። ይሁን እንጂ ወደ ሌሎች አገሮች ሙዚየሞች የተላኩት ናሙናዎች ስለ ተረፉ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። ዕውቀት በአንድ ቤት ብቻ ከተከማቸ አንድ እሳት ያጠፋዋል፤ ለብዙዎች ከተካፈለ ግን ይተርፋል።

ጥያቄዎች

1. የዕፀዋት ተመራማሪዎች ባለውለታዎቻቸውን የሚያከብሩበት የቆየ ልማድ ምንድን ነው?
2. ካርቱም ለሽዋይንፉርት ጉዞ መነሻ የሆነችው ለምንድን ነው?
3. ከእሳቱ አደጋ በኋላ ርቀትን የለካው በምን ዘዴ ነው?
4. ሽዋይንፉርት ሽልማቱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።